ችኩሏ ዘንድሮ ያላበበችበት ምክንያት

ለተከበሩ የመናፈሻዎችና የአረንጓዴ ቦታዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ሠራተኛው እርስዎ በሌሉበት «አቶ ማስመሪያ» እያለ ለሚያቆላምጥዎት፣ በዋናው መናፈሻ ለደረሰው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ለማደርግዎት ጌታዬ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ፣ በተለይ ደግሞ ዓይንዎ ደኅና ነው? ዓይንዎን ለይቼ የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ እደርስበታለሁ። ዕድሜ ከጤና ጋር እንዲሰጥዎ የምመኘውም ከልቤ ነው፤ እርስዎ ቢታመሙ ከእርስዎ የረዘመ ማስመሪያ የያዘ ሌላ ኃላፊ ይመጣብናል ብዬ እሰጋለሁ።

እኔን አያውቁኝም ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። በዋናው መናፈሻ ሃያ ሰባት ዓመት ስኮተኩት፣ ሳጠጣና ቁጥቋጦ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በዚያ ባለፉ ቁጥር ጎንብሼ ስለሚያገኙኝ የሚያውቁት ጀርባዬን ነው። ይህን ደብዳቤ በመናፈሻው በር ላይ የለጠፍኩት፣ በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባሁት የመጀመሪያው ጽሑፌ እስከ ዛሬ መልስ ስላላገኘ፣ ምናልባት ወረቀት በእርስዎ ዘንድ ክብር የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ሲውል ይሆናል ብዬ ነው።

ጉዳዬ የአንዲት ቁጥቋጦ ጉዳይ ነው። ሰሌዳዋ ላይ የተጻፈላት የሳይንስ ስም ምላስ ስለሚያስር እኛ ሠራተኞቹ «ችኩሏ» እንላታለን። ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ሌላው ተክል ሁሉ ኩርምት ብሎ እንደተኛ፣ እሷ ቅጠሏን እስክታወጣ እንኳ ሳትታገሥ በባዶ ቅርንጫፏ ላይ ቢጫ አበባዋን ታፈሰዋለች፤ ልብሷን ሳትለብስ ጌጧን አጥልቃ ደጅ እንደምትወጣ ልጃገረድ። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ስታበራ ትቆይና አበባዋ ሲረግፍ ቅጠሏ ይከተላል። እኛ በእጃችን የምናውቀው፣ እርስዎ ግን ለማወቅ ጊዜ ያላገኙበት አንድ ጠባይ አላት፤ የዘንድሮ አበባዋን የምትቋጥረው አምና ባደገው እንጨቷ ላይ ነው። ስለዚህ መቆረጥ ያለባት አበባዋ እንደረገፈ ነው። ከዚያ በፊት የቆረጣት ሰው የዓመቱን አበባ በሙሉ በእምቡጡ ቆርጦ ይጥላል።

በደቡቡ አጥር ሥር ያለችውን ትልቋን ችኩሏን የተከልኳት እኔ ነኝ፤ ሥራ በገባሁ ዓመት፣ እርሳስ የምታህል የቅርንጫፍ ቅንጣቢ መሬት ውስጥ ሰክቼ። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኔና ታላቅ እህቴ የምንኖርበት ክፍል አለ። እህቴን «እትዬ» ነው የምላት፤ እሷም ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላኝን ሴት እስከ ዛሬ «አንቺ ልጅ» ትለኛለች። በወጣትነቷ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። እግሯ ከከዳት ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ አልጋዋን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሁላት ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ዓይኗ ተከተለ። መጀመሪያ ፊደሉ ጠፋባት፣ ከዚያ የሰው ፊት፣ ከዚያ ቀዩና ሰማያዊው። የቀራት ቢጫ ነው። ከስምንት ወር በፊት የዓይን ሐኪሙ እሷን ወንበሩ ላይ ትቶ እኔን ወደ ኮሪደር ጠራኝና «በሚቀጥለው ዓመት ብርሃንና ጨለማ ከለየች ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። እንግዲህ የዘንድሮዋ ችኩሏ እህቴ በዓይኗ የምታያት የመጨረሻዋ ነበረች።

ይህን ካወቁልኝ፣ ቅሬታዎቼን እርስዎ በሚወዱት መንገድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ የዛሬ አራት ዓመት በተሾሙ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቁጥቋጦ ሁሉ እንደ ሳጥን ማዕዘን እንዲኖረው ሊያዙ ነው የሚል ወሬ ሰማሁና ጭቃ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ቢሮዎ ገባሁ። ችኩሏ ከአበባዋ በፊት እንዳትነካ፣ ምክንያቱንም ጨምሬ አስረዳሁ። እስክጨርስ በትሕትና አዳመጡኝ፤ ከዚያም «እዚህ ቤት በአፍ አንሠራም፤ በጽሑፍ አቅርቢ» አሉኝ። «ጌታዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» ብልዎት «እሱ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ብለው የብዕርዎን ክዳን ከደኑ። ለዚህ ውለታዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። እናትና አባቴ ያላደረጉልኝን እርስዎ ከወንበርዎ እንኳ ሳይነሡ አደረጉልኝ፤ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ።

አስተማሪዬ እትዬ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ፣ ፀሐዩ አልጋዋ ላይ ሳለ፣ ደብተሬን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች። ብዕሩን እንደ መኮትኮቻ ጨብጬ ወረቀቱን ስበሳው «አንቺ ልጅ፣ ጻፊ እንጂ አትቆፍሪ» ትለኛለች። ለልምምድ እንዲሆነኝ የመናፈሻውን ሰሌዳዎች እየገለበጥኩ እወስድላት ነበር። አንድ ቀን ሣሩ መካከል የቆመውን ሰሌዳ ገልብጬ ወስጄ ፊደል በፊደል ስናነበው «መርገጥ ክልክል ነው» ይላል። ሌሎቹ ሰሌዳዎች ሁሉ የተክል ስም ስለሆኑ፣ እኔ የሣሩ ስም መስሎኝ ከሃያ ዓመት በላይ በየቀኑ ስረግጠው ኖሬአለሁ። እትዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ሳጠፋ ሁሉ «ምነው፣ መርገጥ ክልክል ነው» የምትለኝ ሆነች። ዓይኗ ፊደሉን ሲያጣው በጣቷ መዳፌ ላይ እየጻፈች ማስተማሯን ቀጠለች። የጻፍኩትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ እሷ በጆሮዋ ታርመዋለች። ከእጄ የወጣ ወረቀት ሁሉ በእሷ ጆሮ አልፏል፤ ከዚህ ከሚያነቡት በቀር።

2ኛ/ ሁለት ዓመት ተምሬ ማመልከቻዬን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ናት፤ ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። መዝገብ ቤት አስገባኋት፤ ማኅተም አረፈባት፣ ቁጥር ተሰጣት፣ እኔም «ሰኞ ተመለሺ» ተባልኩ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን አልተነገረኝም። አርባ ያህል ሰኞ ተመላለስኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሰልችቷት «እማማ፣ ፋይልዎ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አይድከሙ» ብላ አሰናበተችኝ። ሆኖም በዚያም ዓመት፣ በቀጣዩም ዓመት ችኩሏ ሳትቆረጥ አበበች። ማመልከቻዬ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው ብዬ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ለእትዬም «መልስ ለመጻፍ ጊዜ አጥተው እንጂ አንብበውታል» ብዬ ነገርኳት፤ እሷም «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ፤ እጁን ይባርከው» ብላ መረቀችዎት። ያ ምርቃት በስሕተት የደረሰዎ ስለሆነ ቢመልሱልን ደስ ይለናል።

3ኛ/ ይህን ተራ ቁጥር ለጊዜው ባዶ ትቼዋለሁ፤ በቅጾችዎ ላይ «ለቢሮ አገልግሎት ብቻ» ተብሎ እንደሚተወው ቦታ። በኋላ እሞላዋለሁ።

4ኛ/ ዘንድሮ መናፈሻውን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። እርስዎም ማንኛውም ቁጥቋጦ ከሰማንያ ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ አናቱም በውኃ ልክ ተለክቶ እንዲስተካከል በወረቀት አዘዙ። ችኩሏ ለመፈንዳት ዘጠኝ ቀን ያህል ሲቀራት ተቆረጠች። እምቡጦቿ ጫፋቸው ላይ ቢጫ መያዝ ጀምረው ነበር። በማግሥቱ ማስመሪያዎን ይዘው መጥተው ለኳት፤ ሰማንያ ሆና ስላገኟትም «አሁን ሰው መሰለች» አሉ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ጎንበስ ብዬ ነበርኩ። ልኬቱ አንዲት ሳንቲ እንኳ ስላልተዛነፈ እንኳን ደስ አለዎት።

5ኛ/ እምቡጥ የያዘ የችኩሏ ቅርንጫፍ ስለተቆረጠ ብቻ አይሞትም። ለብ ያለ ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ቆሞ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር ቢቀመጥ ከሳምንት ብዙም ሳያልፍ ያብባል። ይህን ስለማውቅ አንድ እቅፍ ሰብስቤ ወደ ቤት ልወስድ ስል የበሩ ዘበኛ አስቆመኝ። አሥራ አንድ ዓመት «እማማ፣ እንዴት ዋሉ» ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ዓይን ዓይኔን ማየት አቅቶት «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ተለጥፏል እኮ» አለና ግድግዳውን አሳየኝ። አነበብኩት። የተቆረጠ ማናቸውም ተክል የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ስለሆነ ከግቢ ማውጣት ክልክል ነው ይላል። «ለአንዲት በሽተኛ አንድ ዘንግ እንኳ?» አልኩት። «ካሜራ አለ፣ እማማ» አለኝ በሹክሹክታ። እሱን አልተቀየምኩትም፤ የሚያሳድገው ልጅ አለው። እቅፌን ጭነት መኪናው ላይ ወረወርኩት፤ መኪናውም ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄደ። ንብረትዎ እዚያ፣ ከድንችና ከሽንኩርት ልጣጭ መካከል፣ በክብር እንዳረፈ ሳረጋግጥልዎ ደስታ ይሰማኛል። ሙቀት ስላለው ሳያብብ አልቀረም።

6ኛ/ የመናፈሻው ብሮሹር ሽፋን ላይ ያለችው ችኩሏ ናት፤ አብባ። እንግዶቹ ብሮሹሩን ይዘው ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ ትዝ አለው። ሁለት ካርቶን ቢጫ የፕላስቲክ አበባ መጣ፤ በቀጭን ሽቦ ጉቶዎቿ ላይ እንድናስር ታዘዝን። አሰርን። እኔም ከአሳሪዎቹ አንዷ ነበርኩ፤ ጣቶቼ ላይ የሽቦው ጭረት እስካሁን አለ።

በጉብኝቱ ቀን ለምሳ ስገባ እትዬ በክርኗ ተደግፋ ተነሥታ፣ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስጠግታ አገኘኋት። «ወጣች እኮ!» አለችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ወጣች ወይ ባልኩሽ ቁጥር ገና ነው፣ ገና ነው እያልሽ ስታደርቂኝ ከርመሽ፣ ይኸው ወጣች! አላይም ብለሽ ነው?» ምን ልበላት፣ ጌታዬ? «አዎ፣ እትዬ፣ ዛሬ ነው የወጣችው» አልኳት። ብዙ አየቻት። ምሳዋ እስኪቀዘቅዝ አየቻት። ከዚያም «ከአምናው ይልቅ ዘንድሮ ደምቃለች፤ ምን አደረግሽላት?» አለችኝ። «እንክብካቤ ነው» አልኳት።

እንግዶቹ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ማለፋቸውን ሰምቻለሁ። ስለዚህ በዚያ ቀን ሥራዎን ከልቧ ያደነቀችልዎት ሰው አንዲት ዓይኗ የጠፋ አሮጊት ብቻ መሆኗን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። በመግቢያዬ ላይ ዓይንዎን የጠየቅኩት ለዚህ ነው፤ እርስዎና እሷ አንድ ዓይነት አበባ ነው ያያችሁት፤ እሷ ግን ሐኪም የሰጣት ማስረጃ አላት።

በማግሥቱ አበቦቹ ተፈትተው ወደ መጋዘን ተመለሱ። እትዬ «የት ሄደች?» አለች። «ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ ነበር» አልኳት። ስንት ዓመት ችኩሏን በመስኮት ያየች ሴት በአንድ ሌሊት እንደማትረግፍ ታውቃለች። «ቢሆንም አየኋት፤ ይበቃኛል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አሁን ባዶ የተውኩትን ተራ ቁጥር ሦስትን እሞላለሁ። መቀሱን የያዘው እጅ የማን እንደነበረ አልተናገርኩም። የእኔ ነበር።

የሥራ ትእዛዝዎ በወረቀት ሲመጣ ፎርማኑ ጠዋት በመሣሪያ ቤቱ ደጃፍ ሰብስቦን ነው የሚያነብልን። ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ሳይጠርግ አንድ መስመር የማያነብ፣ ሲስቅ ታይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዘንድሮ ወረቀቱን ሲያወጣ «ዛሬስ እኔ ላንብብ» አልኩት። «ተይ፣ ይቅርብሽ፣ እኔ ላንብብ» አለኝ። «ለምን? እንደ ድሮዬ መስዬህ ነው?» ብዬ ከእጁ ቀማሁት። ሃያ ሁለት ሠራተኛ ፊት ቆሜ ከአርእስቱ እስከ ፊርማው አንዲት ፊደል ሳልስት አነበብኩ። አራተኛው መስመር ላይ «በደቡቡ አጥር ሥር የሚገኘው ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ጭምር» ይላል። እሱንም አነበብኩት። ስጨርስ አጨበጨቡልኝ፤ አንዷ ባልደረባዬ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

ተጨብጭቦልኝ ሳበቃ ምን ብዬ አልቆርጥም ልበል? ሃያ ሰባት ዓመት እጄ የሚያውቀውን ነገር አንድ ወረቀት ሲቃወመው፣ ወረቀቱን አመንኩት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጽሑፍን እንዴት እንደሚፈራ እርስዎ አያውቁትም፤ ዘግይቶ የቆጠረው ደግሞ እንዴት እንደሚያምነው አያውቁም። ፊርማ አለበት፣ ማኅተም አለበት፤ ማመልከቻዬን አንብበው ከእኔ የተሻለ ጥናት አግኝተው ይሆናል አልኩ። ለእትዬም አንድ እቅፍ ቅርንጫፍ ይዤ እገባለሁ፣ እዚያው አልጋዋ አጠገብ አሳብብላታለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ እቅፉ የት እንደደረሰ በተራ ቁጥር አምስት አንብበዋል። መቀሱን አንሥቼ ሄድኩ፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስኩት። እትዬ በተከፈተው መስኮት ድምፁን ሰምታ ኖሮ፣ ስገባ «ምን ስትቆርጡ ነው የዋላችሁት?» አለችኝ። «ሣር ነው» አልኳት። የመጀመሪያው ውሸቴ ይኸ ነው።

ቆርጬ እንደጨረስኩ ፎርማኑ መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ያቺ መስመር አራቱንም ዓመት ተጽፋ ስትመጣ ነበር» አለኝ፤ «እየዘለልኳት ነበር የማነብላችሁ።» «ታዲያ ዛሬ ለምን አልከለከልከኝም?» አልኩት። «ተነብባ ሃያ ሁለት ሰው ከሰማት በኋላ በምን አፌ? ከሃያ ሁለቱ አንዱ ወደ ቢሮ ይሮጣል» አለኝ። ፎርማኑ ባለፈው ሳምንት በጡረታ ስለተሰናበተ እሱን ለመቅጣት አይድከሙ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ችኩሏን ያን ሁሉ ጊዜ ያቆያት ማመልከቻዬ አልነበረም፤ የእኔ አለማንበብ ነበር። እርስዎ ፊደል ቁጠሪ አሉኝ፣ እህቴ በማያየው ዓይኗ አስቆጠረችኝ፣ እኔም የመጀመሪያውን ትእዛዝዎን በራሴ አንደበት አንብቤ የእህቴን የመጨረሻ አበባ ቆረጥኩ። ከሦስታችን ማን ምን እንዳጠፋ እርስዎ ኮሚቴ ቢያቋቁሙ ይሻላል።

የምለምንዎት ነገር የለም። ችኩሏ ሥሯ ብርቱ ስለሆነ፣ ማስመሪያዎ ከፈቀደላት በሚቀጥለው ዓመት ታብብ ይሆናል። ያን ጊዜ በዚያ መስኮት የሚያያት የለም።

የትእዛዝዎ አንባቢ፣ የቁጥቋጦዎ ቆራጭና የፕላስቲክ አበባዎ አሳሪ በመሆን በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ያገለገልኩዎ፣ በእርስዎ ብርታት ፊደል የቆጠርኩ፣ ከትናንት በስቲያ መቀሴን ለመሣሪያ ቤት አስረክቤ የወጣሁ፣ ጀርባዬን ብቻ የሚያውቁት ታማኝ አገልጋይዎ፤ ከማይለካ አክብሮት ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በር ላይ ቆማችሁ ለምታነቡ ጎረቤቶች፤ የፊደል ግድፈት ብታገኙ ይቅርታ፤ ሁልጊዜ የምታርመኝ ሰው ስላልሰማችው ነው። እትዬን ልትጠይቁ ስትመጡ የፕላስቲኩን ነገር አደራ እንዳታነሡባት፤ ስለ አበባዋ ብታነሣባችሁ አዎ፣ ደምቃ ነበር በሏት። እርስዎም፣ ጌታዬ፣ ካርቶኖቹን ከመጋዘን ሲያስወጡ በጥንቃቄ ያስይዟቸው፤ አንዲት ሴት ከዚህ ዓለም ቀለም ሁሉ መጨረሻ ያየችው እነሱን ነው። ትናንት ይህን ስጽፍ የብዕሩን ድምፅ ሰማችና «ምን እየጻፍሽ ነው? አንብቢልኝ» ብላ መዳፌን ፍለጋ እጇን ዘረጋች። «የገበያ ዝርዝር ነው» አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ ገበያውን በሙሉ ልትገዢው ነው?» ብላ ሳቀች፤ እጇ እንደተዘረጋ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይህን ደብዳቤ ያውቀዋል፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ ሴት ብቻ አታውቀውም። ይህን ከደበቅኳት በኋላ፣ ከእንግዲህ የጻፍኩትን ለእህቴ አላነብላትም።